ጠገራ ብርና የአቴንስ ጉጉት፡- ገበያ የሚያምነው የትኛውን ብር ነው?

ሮቤ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በገበያ ቀን ከሲናና፣ ከአጋርፋና ከጎባ አቅጣጫ በጋሪ፣ በአህያና በአይሱዙ የሚገባውን እህል ላየ ሰው፣ በከተማይቱ ከኩንታል ዋጋ ሌላ የሚወራ ነገር ያለ አይመስለውም። ይህ ጸሐፊ የእህል ዋጋ ሊያጠናቅር ወደ ባሌ በዘለቀበት ሰሞን ያጋጠመው ጥያቄ ግን ስለ ብር ነበር። ብር ሲባል ደግሞ የወረቀቱ አይደለም፤ የማዕድኑ ነው።

ጠያቂው ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ አንድ አዛውንት የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የገበያው ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ሃያ ኩንታል ስንዴ በዱቤ የወሰደ ደንበኛቸው ቀኑ ሲደርስ ጥሬ ገንዘብ አጣ። በምትኩ ከአያቱ የወረሰውን ስልሳ ጠገራ ብር በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ መጣ። ሐጂ ቋጠሮውን ባንኮኒው ላይ ፈትተው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ተምረሃል አሉ። በዕዳው ልቀበለው ወይስ ልመልሰው?» አሉኝ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን በማዕድን ለማቆየት የሚያስብ ሰው በርክቷል። ወርቅ የማይደርስበት ደግሞ አሮጌ ጠገራ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠገራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለውና ዋጋውም ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ ለነጋዴም፣ ለደላላም፣ ጥሪቱን ለሚያስቀምጥ ሰውም ይጠቅማል። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከ2,500 ዓመት በፊት ወደነበሩት የግሪክ ከተሞች ብቅ ብለን እንመለስ።

ኤሊ፣ ፈረስና ጉጉት

የጥንቶቹ ግሪኮች አንድ መንግሥት አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ጦርና የራሱ ገንዘብ ነበረው። የኤጂና ደሴት ነጋዴዎች ኤሊ የተቀረጸበትና 12 ግራም ከጥቂት የሚመዝን የብር ገንዘብ ነበራቸው። የቆሮንቶስ ገንዘብ ክንፍ ያለው ፈረስ ሲኖረው ክብደቱ 8.6 ግራም ያህል ነው። አቴንስ በአንድ ወገን አቴና የምትባለውን ጣዖት፣ በሌላው ጉጉት የተቀረጸበትን ባለ አራት ድራክማ ታወጣ ነበር፤ ይኸኛው 17.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዘመኑ አንድ የእጅ ባለሙያ በቀን የሚያገኘው ክፍያ አንድ ድራክማ ያህል እንደነበር ካሰብን፣ ጉጉቱ የአራት ቀን ደሞዝ ነው ማለት ነው።

ክብደቱ እንዲህ ከከተማ ከተማ በሚለያይበት አገር ያለ መንዛሪ መነገድ አይቻልም። መንዛሪዎቹ ሚዛናቸውን በገበያው መሐል በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። «ጠረጴዛ» የሚለው የእኛ ቃል የተገኘው ከግሪኩ «ትራፔዛ» ሲሆን፣ ግሪኮች ዛሬም ባንክን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ገበያውን ያሸነፈው ጉጉቱ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት አቅርቦት ነበር። አቴንስ በላውሪዮን የብር ማዕድን ነበራት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ከዚያ ብዙ ብር በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ ለየሰው አሥር አሥር ድራክማ እንዲከፋፈለው ታስቦ ነበር። ቴሚስቶክልስ የተባለው መሪ ግን ገንዘቡ ለጦር መርከብ እንዲውል አሳመነ፤ መርከቦቹም ከሦስት ዓመት በኋላ በሳላሚስ የፋርስን ባሕር ኃይል ድል ለማድረግ በቁ። ከዚያ በኋላ የባሕሩ ንግድ ሲሰፋ ጉጉቱም ከመርከቡ ጋር ወደብ ለወደብ ዞረ።

ሁለተኛው ምክንያት መልኩ ነው። የአቴንስ ቀራጮች በድንጋይ ላይ የሚሠሩት ጥበብ በየትውልዱ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ የገንዘቡ ምስል ግን ለረጅም ዘመን የጥንት መልኩን እንደያዘ ቆየ። የግብፅም ሆነ የሶርያ ነጋዴ የሚያምነው ያንን የሚያውቀውን ፊት ነበርና፣ ማሳመር ማለት ደንበኛን ማስደንገጥ ይሆን ነበር። ዜኖፎን የተባለው ጸሐፊም በዘመኑ ይህን አስተውሎ፣ በሌሎች ወደቦች ነጋዴ ሸጦ ሲመለስ የግድ ሌላ ዕቃ መጫን እንዳለበት፣ ከአቴንስ ግን ብሩን ብቻ ይዞ ቢወጣ በሄደበት ሁሉ በትርፍ እንደሚያወጣው ገልጿል።

ሐሰተኛውን የሚቆርጠው ባለሙያ

የታመነ ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ጉጉቱ በብዙ አገር ተቀድቷል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ በደቡብ ዓረብ ሳይቀር በአምሳያው ገንዘብ ተመቷል። በዚህ ላይ አቴንስ ራሷ በጦርነት ስትዳከም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 ገደማ፣ ውስጡ መዳብ የሆነና ብር የተለበጠ ገንዘብ አወጣች። ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ለመገመት አያዳግትም፤ ጥሩውን ደብቆ መጥፎውን አውጥቶ ከፈለበት። አሪስቶፋነስ የተባለው የቀልድ ተውኔት ጸሐፊ በዓመቱ ይህንኑ በመድረክ ላይ አንስቶ ተሳልቆበታል። ከሁለት ሺሕ ዓመት በኋላ በእንግሊዛዊው በቶማስ ግሬሻም ስም የተጠራው «መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል» የሚለው ሕግ አቴንሶች አስቀድመው የቀመሱት ነው።

ከዚህ የተማሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ያወጡት ሕግ በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1970 በአቴንስ የጥንት ገበያ ሥፍራ ተገኝቷል። ሕጉ አንድ የመንግሥት ባሪያ የሆነ መርማሪ በመንዛሪዎቹ ጠረጴዛዎች መካከል እንዲቀመጥ ያዛል። የሚቀርብለትን ገንዘብ ለሦስት ይለያል። እውነተኛውን የአቴንስ ገንዘብ ገበያው ሁሉ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ መርማሪው ያጸደቀውን አልቀበልም ያለ ሻጭ የዚያን ቀን ሸቀጡ ይወረሳል። በውጭ አገር የተመታ፣ ነገር ግን ብሩ ጥሩ የሆነውን ለባለቤቱ ይመልስለታል። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነውን ግን እዚያው ለሁለት ይቆርጠዋል። መርማሪው ሥራውን ቸል ካለ ቅጣቱ ሃምሳ ጅራፍ ነበር።

የሕጉ ብልሃት ነጋዴው ሁሉ በየሱቁ መርማሪ ከመሆን ድካም እንዲገላገል ማድረጉ ነው። እያንዳንዱ ሻጭ እያንዳንዱን ብር ሲያገላብጥ፣ ሲያንኳኳና ሲከራከር የሚባክነው ጊዜ ራሱ ወጪ ነው። የመንግሥት ማህተም ትልቁ ጥቅም ይህን ወጪ መቀነሱ ሲሆን፣ ማህተሙ ካልታመነ ግን ወጪው ተመልሶ በነጋዴው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ከአክሱም እስከ ማርያ ቴሬዛ

የግሪኮች የገንዘብ ልማድ ለእኛም ሩቅ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ሲያወጡ፣ የመጀመሪያው የንጉሥ እንዱቢስ ገንዘብ የተጻፈው በግሪክኛ ነበር። ምክንያቱ ንግድ ነው፤ በቀይ ባሕር የሚመጣው ነጋዴ የሚያነበው እርሱን ነበርና። የአክሱም ገንዘብ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከቆመ በኋላ አገሪቱ ለብዙ መቶ ዓመታት በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅና በብረት ተገበያየች።

ይህን ክፍተት የሞላችው የኦስትሪያ ንግሥት ናት። የማርያ ቴሬዛ ታለር መመታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1741 ሲሆን፣ እርሷ በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ቀረ። ልክ እንደ ጉጉቱ መልኩ ቆመ ማለት ነው። በቀይ ባሕር በኩል ወደ አገራችን ገብቶ ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር ተባለ። «ብር» የሚለው የማዕድኑ ስምም የገንዘባችን ስም ሆነ። በባሌ ገበያ በኦሮምኛ የሚነገረው «ቀርሺ» ደግሞ ከቱርኮችና ከዓረቦች ገንዘብ ስም የመጣ ነው። ስሙ ከየትም ይምጣ፣ ነጋዴው የሚፈልገው ያው የለመደውን ፊት ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች እስከ ዘጠኝ ይቆጥራል፤ ፊቷ የተፋቀ ወይም ዕንቁው የጎደለ ከሆነ አልቀበልም ይላል። የአቴንሱ መርማሪ በሌለበት አገር እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ መርማሪ ነበር።

የተሻለው ብር ለምን ተሸነፈ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አገሪቱ የራሷ ገንዘብ እንዲኖራት አስበው በፓሪስ ያስመቱት የብር ገንዘብ 1887 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ይዞ ወጣ። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብሩ ጥራት ከሺሕ 835 ነው። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ሲሆን ጥራቱ ከሺሕ 833 ከጥቂት ነው። ብናሰላው በምኒልክ ብር ውስጥ 23.44 ግራም፣ በማርትሬዛ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር እናገኛለን። የእኛው ብር በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል! ሆኖም ገበያው ማርትሬዛን አልለቀቀም።

በማዕድኑ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይገባም ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ልምድ ነው። የምኒልክ ብር ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን፣ የገጠሩ ሻጭ አያውቀውም። ከዓረብ አገር የሚመጣው ነጋዴም የለመደው ማርትሬዛን ነው። ነገ ሌላው ሰው ይቀበለኛል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ዛሬ እርሱም አይቀበልም።

ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅም ይህን ተረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ አስመታ። እንግሊዞችም በበኩላቸው በለንደን፣ በቦምቤና በበርሚንግሃም መቱ። ጠላትም ወዳጅም የሞተችውን ንግሥት ፊት ይዞ ነው የመጣው። የወረቀት ሊራውም ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

በመጨረሻ ጠገራን የተካው የ1937ቱ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በመንግሥት ባንክ በኩል ሲወጣ ዋናው ወረቀት ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ማዕድን መጨበጥ እንደለመደ ስለታወቀ፣ ባለ ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ። ማዕድኑ የተገኘው ከአሜሪካ መንግሥት በብድር ነው፤ መጠኑም 5.4 ሚሊዮን አውንስ ያህል ነበር። የሳንቲሙ ክብደት 7.03 ግራም፣ ጥራቱ መጀመሪያ ከሺሕ 800 ስለነበር፣ ሁለቱን ሃምሳ ሳንቲም ብንደምር የአንድ ብሩ ንጹሕ ማዕድን 11.25 ግራም ብቻ ይሆናል። ከጠገራው ግማሽ አይሞላም።

እንግዲህ የበለጠ ብር የያዘው የምኒልክ ገንዘብ ሲቸገር፣ ከግማሽ ያነሰ የያዘው የ1937ቱ ተሳካለት። በሁለተኛው ጊዜ ባንክ፣ የወርቅና የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ፣ በቂ ዝርዝር ሳንቲምና ግብሩን በዚያው ገንዘብ የሚሰበስብ መንግሥት ስለነበሩ ነው። በየጠረፉ ገበያ ጠገራው ለዓመታት መዘዋወሩ ባይቀርም፣ እየቆየ ከመገበያያነት ወደ አንጥረኛ ቤትና ወደ ሣጥን ግርጌ ወረደ።

ለነጋዴው የሚሆን ስሌት

ታዲያ የሐጂን ስልሳ ጠገራ ዛሬ በምን እንተምነው? ጠገራ አሁን ገንዘብ አይደለም፤ እንደ ስንዴው ሸቀጥ ነው። ስለዚህ ዋጋው የማዕድኑ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደቱን እንደ ንጹሕ ብር መቁጠሩ ነው። የጠገራ ጥራት ከስድስት እጅ አምስቱ ነው፤ አንዱ እጅ መዳብ ነው። ስልሳው ጠገራ 1,684 ግራም ቢመዝንም ንጹሑ ብር 1,403 ግራም ብቻ ነው። ሙሉ ክብደቱን በንጹሕ ብር ዋጋ የገዛ ሰው በየመቶው ሃያ ብር ያለ አግባብ ጨምሯል። ለስሌት ያህል የንጹሕ ብር ዋጋ በግራም 100 ብር ቢሆን፣ አንዱ ጠገራ 2,339 ብር እንጂ 2,807 ብር አያወጣም። ከዚያም ላይ አንጥረኛው ለማቅለጫና ለትርፉ ይቀንሳል።

«አሮጌ ነውና ቅርስ ነው፤ ብርቅ ነው» የሚለውን የደላላ ቃልም በጥንቃቄ መስማት ይገባል። 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይናገርም። እስካሁን የተመታው በጠቅላላው ወደ 400 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል፤ በቪየና ዛሬም ይመታል። ብርቅ የሚባለው የአክሱም ገንዘብ ነው፤ እርሱ ደግሞ በቅርስ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስጠይቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ነው። ጠርዙን ማየት ይቀድማል፤ በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለ። ማግኔት ከያዘው ይመለስ። ሚዛን አስፈላጊ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አስመሳዩ ወፈር አድርጎ ክብደቱን ሊያስተካክል ይችላልና። ለዚህ መድኃኒቱ ራሱ ከግሪክ ከተማ ከሲራክዩስ የመጣው የአርኪሜዲስ የውኃ ዘዴ ነው። አሥር ደህና ጠገራ 281 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ውኃ ውስጥ የሚይዘው ቦታ 27.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ነሐስ ወይም ሌላ ቀላል ማዕድን ከሆነ ለዚያው ክብደት 33 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል።

በሐጂ ሱቅ ያደረግነውም ይህንኑ ነው። የወርቅ ሚዛን ከጎረቤት አንጥረኛ፣ ሲሪንጅ ከፋርማሲ መጣ። በብርጭቆ ውኃ ሞልተን ልኩን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን፤ አሥር ጠገራ ስንከት የወጣውን ከፍታ ውኃው ወደ ምልክቱ እስኪመለስ ድረስ በሲሪንጅ እየቀዳን ለካን። አምስቱ አሥር አሥሮች አለፉ። ስድስተኛው ሚዛን ላይ እንከን አልነበረውም፤ ውኃው ግን 30 ሚሊ ሊትር አለ። አንድ በአንድ ጠርዛቸውን ብናይ አራቱ ላይ ጽሑፉ ደብዝዟል፣ ውፍረታቸውም ይለያል። ደንበኛው ሲያይ ደነገጠ፤ እርሱም ከአያቱ እንደወረሰው እንጂ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያ አስመሳይ ምናልባት ሐሰተኞቹን ያራገፈው በእኒያው አያት ላይ ነው።

ሐጂ በመጨረሻ የወሰኑት እንዲህ ነው። ሃምሳ ስድስቱን ከስድስት እጅ አምስት በሚለው ስሌት፣ የአንጥረኛው ቅናሽ ታስቦ፣ በዕዳው ግማሽ ተቀበሉ። የቀረውን ግማሽ ደንበኛው በሚቀጥለው ምርት በስንዴ እንዲከፍል ተስማሙ። ለምን ሙሉውን በጠገራ እንዳላደረጉት ብጠይቃቸው፣ «ስንዴውን ነገ ጠዋት ሮቤ ላይ እሸጠዋለሁ። ይህን ለመሸጥ ግን ገዢ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ» አሉኝ። የምጣኔ ሀብት መምህሮቻችን በአንድ ሴሚስተር ያስተማሩን ነገር ይኸው ነው፤ ቶሎ ወደ ጥሬ ገንዘብ የማይለወጥ ሀብት ቅናሽ ይጠየቅበታል።

ብር በማዕድንነቱም ቢሆን ዋጋው አይወዛወዝም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር ከተጠጋ በኋላ፣ በመጋቢት መጨረሻ ከ11 ዶላር በታች ወርዷል። አያቶቻችንም ጉዳቱን ያውቁታል። ታላላቆቹ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምረው ወደ ወርቅ ሲዞሩ፣ በለንደን በአውንስ 60 ፔንስ የነበረው ብር በ1894 ወደ ግማሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ጠገራ የያዘ የአገራችን ነጋዴ የውጭ ዕቃ ለመግዛት እጥፍ ጠገራ አስፈለገው።

ስለዚህ ጠገራ ለመግዛትም ሆነ በዕዳ ለመቀበል ያሰቡ አንባቢያን በአምስት ስድስተኛው አስልተው፣ በውኃ መርምረው፣ ገዢውን አስቀድመው አውቀው፣ ከጥሪታቸውም ከፊሉን ብቻ ቢያውሉበት ይመከራል። ሐጂ አራቱን ሐሰተኛ ጠገራ ለደንበኛው መልሰው አልሰጡትም። በእርሱ ፈቃድ ወደ አንጥረኛው ልከው ለሁለት ለሁለት አስቆርጠዋቸዋል፤ «ሌላ ሰው እንዳይታለልበት» ብለው።